በሌስቦስ ደሴት የጸደይ ወፍ ምልከታ፦ ጉዞውን ደረጃ በደረጃ ለማቀድ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ በየካቲትና በመጋቢት፣ በጋውን በዝዋይና በአቢጃታ ሐይቆች ዳርቻ፣ በቢሾፍቱው ጨለቅለቃ ረግረግና በገፈርሳ ግድብ ዙሪያ ሲመገቡ የከረሙ የሩቅ አገር ወፎች ወደ ሰሜን መነሣት ይጀምራሉ። ከአፍሪካ የሚነሡት እነዚህ መንገደኞች ከፊሎቹ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል ዞረው ሲያልፉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ በረሃውንና የሜዲትራኒያንን ባሕር በቀጥታ ያቋርጣሉ፤ ከባሕሩ ማዶ የሚያገኙት ደሴት ለደከመ ክንፍ ማረፊያ፣ ለባዶ ሆድ ስንቅ መሙያ ይሆናቸዋል። በዚህ ወቅት በአንዲት የሜዲትራኒያን ደሴት ዐሥር ቀን ማሳለፍ፣ በአገራችን በበጋ ደብዛዛ ላባ ለብሰው ዝም ብለው የምናያቸውን ወፎች በሠርግ ልብሳቸውና በዜማቸው ለማግኘት ያስችላል።

ቆጵሮስ፣ ቀርጤስ፣ ማልታና ማዮርካ ሁሉም በጸደይ ወፍ የሚታይባቸው ደሴቶች ናቸው። ይህ መመሪያ ግን የሚያተኩረው በአንዲት ደሴት ላይ ብቻ ነው፤ እርሷም በግሪክ ሰሜን ምሥራቅ ኤጂያን ባሕር ላይ፣ ከቱርክ ጠረፍ ማዶ የምትገኘው ሌስቦስ ናት። ከቀርጤስና ከኤቪያ ቀጥላ በስፋት ሦስተኛዋ የግሪክ ደሴት ስትሆን፣ ወደ 1,630 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ስፋቷ ውስጥ የጨው ማምረቻ ኩሬ፣ ወንዝ፣ የጥድ ደን፣ የወይራ ሸለቆና ዛፍ አልባ የእሳተ ገሞራ ተራራ ተቀራርበው ይገኛሉ። በደሴቲቱ ከ300 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ለትንሿ እስያ ቅርብ በመሆኗም በቀሪው አውሮፓ ለማየት እጅግ አስቸጋሪ የሆኑ ጥቂት ዝርያዎች እዚህ ጎጆ ሠርተው ይፈለፍላሉ።

ከዚህ በታች ለሚጠቀሱት ለብዙዎቹ ወፎች በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌላቸው፣ ተመልካቾች በዓለም ዙሪያ የሚግባቡበትን የእንግሊዝኛ ስም በፊደላችን ጽፌዋለሁ። በመስክ ላይ ሌላ ሰው «ማስክድ ሽራይክ» ብሎ ሲጠቁምዎ ወዲያው እንዲገባዎ ስሙን በዚህ መልክ መልመዱ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ቀኑን ይወስኑ

የዚህ ጉዞ ዕቅድ የሚጀምረው ከአየር ትኬት ዋጋ ሳይሆን ከወፎቹ የቀን መቁጠሪያ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የወቅቶች አቆጣጠር ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው፤ ለሌስቦስም ይህ ስሌት በሚገባ ይሠራል። ዋናው የምልከታ ጊዜ ከሚያዝያ 7 እስከ ግንቦት 7፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኤፕሪል 15 እስከ ሜይ 15 ያለው አንድ ወር ነው። ይሁን እንጂ የወሩ መጀመሪያና መጨረሻ በእጅጉ ይለያያሉ።

እስከ ሚያዝያ 12 ገደማ የሚሄድ ሰው ክሩፐርስ ነትሃች የተባለችውን ትንሽ የጥድ ደን ወፍ ጎጆዋን ስትሠራና ስትንከባከብ የማየት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የሩፔል ዋርብለርም በዚህ ጊዜ በቁጥቋጦው አናት ላይ ቆሞ አጥብቆ ይዘምራል። በአንጻሩ ዘግይተው የሚደርሱት ወፎች ገና መንገድ ላይ ናቸው። ከሚያዝያ መጨረሻ በኋላ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቀይ እግር ያላቸውን ጭልፊቶች፣ ማለትም ሬድ ፉትድ ፋልከኖችን፣ በመንጋ ሲያልፉ፣ ነጭ ክንፍ ያላቸውን ተርኖች በኩሬዎቹ ላይ ሲያንዣብቡ፣ ብላክ ሄድድ ባንቲንግን፣ ኦሊቭ ትሪ ዋርብለርንና ሩፈስ ቡሽ ሮቢንን ያገኛል፤ ክሩፐርስ ነትሃች ግን ጫጩቶቿን አውጥታ በደኑ ውስጥ ስለምትበተን ፍለጋው ያደክመዋል። አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ ለሚችል ሰው እኔ የምመክረው ከሚያዝያ 12 እስከ ሚያዝያ 24 ባለው ጊዜ ውስጥ ዐሥር ቀን እንዲመርጥ ነው። በዚህ ጊዜ ቀድመው የመጡት ገና አልተበተኑም፣ ዘግይተው የሚመጡትም መድረስ ጀምረዋል።

ለእኛ ሁለተኛ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ፋሲካ ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ፋሲካና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ይውላሉ፤ በ2027 ሜይ 2 (ሚያዝያ 24 ቀን 2019)፣ በ2028 ደግሞ ኤፕሪል 16 (ሚያዝያ 8 ቀን 2020) ነው። በሰሙነ ሕማማት ከአቴና የሚነሡ መርከቦችና አውሮፕላኖች ወደ ትውልድ ቀያቸው በሚመለሱ ግሪካውያን ይሞላሉ፣ ከስቅለት እስከ ማግስት ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፣ የመኪና ኪራይም ይወደዳል። በዓሉን በዚያ ለማክበር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ከአራትና ከአምስት ወር በፊት ቦታ መያዝ አለበት፤ ከቤተሰቡ ጋር መዋል የሚፈልግ ደግሞ በዓሉን ውሎ በማግስቱ መነሣት ይችላል። በጾሙ ውስጥ የሚሄድ ሰው ግሪካውያን «ኒስቲሲማ» የሚሉትን የጾም ምግብ በየምግብ ቤቱ ያገኛል፤ ነገር ግን በእነርሱ ሥርዓት ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት በጾም ስለሚፈቀዱ፣ ከማዘዝዎ በፊት በሳህኑ ላይ ምን እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቪዛና መድን

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል፤ ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የውሳኔ ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ስላለ፣ በሚያዝያ ለሚደረግ ጉዞ ማመልከቻውን በጥር ማስገባት ከብዙ ጭንቀት ያድናል። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ለሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጾች ያሉት መሆን አለበት። የጉዞ ጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን ይኖርበታል፤ የአዋቂ የማመልከቻ ክፍያ ደግሞ 90 ዩሮ ነው። የጉዞውን ዓላማ በሚያስረዳው ደብዳቤ ላይ «ለመዝናናት» ብሎ ከማለፍ ይልቅ፣ በየትኛው ቀን በየትኛው የደሴቲቱ ክፍል ወፍ እንደሚመለከቱ፣ የት እንደሚያድሩና ከዚያ በኋላ ወደ ምን ሥራ እንደሚመለሱ በዝርዝር ቢጽፉ፣ በእጅዎ ያለው ዕቅድ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ቪዛው ሳይሰጥ ተመላሽ የማይሆን ትኬት ወይም የሆቴል ክፍያ መፈጸም ግን አያስፈልግም፤ ሊሰረዝ የሚችል ቦታ ማስያዝ ይበቃል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ወገኖቻችን ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ባላቸው አገር ሆነው ማመልከት ይችላሉ። በሸንገን አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው፣ እንዲሁም የእስራኤል ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙ፣ በማንኛውም የ180 ቀን ጊዜ ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያሉ።

ወደ ደሴቲቱ መድረስና ማደሪያ መምረጥ

ከአቴና ወደ ደሴቲቱ ዋና ከተማ ሚቲሊኒ የሚደረገው በረራ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ከፒሬየስ ወደብ የሚነሣው የሌሊት መርከብ በአንጻሩ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ጊዜ ያለው ሰው አንዱን ጉዞ በመርከብ ቢያደርግ አይቆጭም፤ ጎሕ ሲቀድ በመርከቡ ጣሪያ ላይ የሚቆም ተመልካች ሺርዋተር የሚባሉትን የባሕር ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ማዕበሉን ታክከው ሲሄዱ ሊያይ ይችላልና።

ለማደሪያ ያለኝ ምክር አንድ ነው፤ የጉዞውን ሌሊቶች ሁሉ ወይም አብዛኞቹን በስካላ ካሎኒስ ይደሩ። ይህ የባሕር ዳር መንደር ከሚቲሊኒ አንድ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ደሴቲቱን ከመካከል በሚሰነጥቀው የካሎኒ ባሕረ ሰላጤ ራስ ላይ ይገኛል። የጨው ኩሬዎቹ፣ ሁለት ወንዞችና አንድ ረግረግ ከመኝታ ክፍልዎ በእግር ወይም በብስክሌት የሚደረስባቸው ናቸው፤ ወደ ሰሜንም ወደ ምዕራብም ወደ ደቡብም የሚወስዱት መንገዶች ከዚሁ አጠገብ ይነሣሉ። በየሁለት ቀኑ ሆቴል መቀየር ብዙ ቦታ ያዳረሱ ያስመስላል፤ ግን ሻንጣ የሚታሰርበትና የሚፈታበት ጊዜ ሁልጊዜ ከማለዳው ላይ ነው የሚቀነሰው፣ ማለዳ ደግሞ የዚህ ጉዞ ዋናው ሀብት ነው። ከዚህም በላይ አንድን ኩሬ አምስት ጊዜ የሚጎበኝ ሰው ትናንት ያልነበረውን ዛሬ ለይቶ ያውቃል፤ አምስት ኩሬ አንድ አንድ ጊዜ የሚያይ ሰው ግን የትኛው አዲስ መንገደኛ፣ የትኛው ነባር ነዋሪ እንደሆነ አያውቅም። ልዩነት ለሚፈልግ፣ በምዕራቡ ጫፍ በሲግሪ ሁለት ሌሊት ማደር ጥሩ ጭማሪ ነው።

ደሴቲቱን ለማዳረስ መኪና ያስፈልጋል፤ የሕዝብ አውቶቡሶቹ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሄዱና ከወፍ ሰዓት ጋር የማይጣጣሙ ናቸው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድም ይዞ መሄድ አለበት። ያለ ፍሪሲዮንና ያለ ማርሽ መቀያየር መንዳት የለመደ፣ አውቶማቲክ መኪና አስቀድሞ በስም ጠይቆ ይያዝ፤ በደሴቶቹ ላይ ቁጥራቸው አነስተኛ ነው። ውሉን ሲፈርሙ የመኪናው መድን በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ የሚደርስን፣ በተለይም ጎማንና የመኪናውን የታች ክፍል ጉዳት እንደሚሸፍን ወይም እንደማይሸፍን ይጠይቁ፤ ወፎቹ የሚገኙባቸው መንገዶች በብዛት አስፋልት አይደሉምና።

መሣሪያ

ለመጀመሪያ ጊዜ ባይኖኩላር የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ትልቁን ቁጥር ይመርጣል፤ ይህ ስሕተት ነው። 8x42 ማለት ስምንት ጊዜ አቅርቦ የሚያሳይ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው 5.25 ሚሊ ሜትር ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፤ ይህም በንጋትና በምሽት ድንግዝግዝ በቂ ብርሃን ይሰጣል። 12 ወይም 16 ጊዜ የሚያቀርቡት የእጅን መንቀጥቀጥም አብረው ያጎላሉ፣ የሚያሳዩት ስፋትም ጠባብ ስለሆነ በቁጥቋጦ ውስጥ የምትዘል ወፍ ቶሎ ታመልጣቸዋለች። ለጨው ኩሬዎቹ ግን ርቀቱ ብዙ ስለሆነ ከ20 እስከ 60 ጊዜ የሚያቀርብ ቴሌስኮፕና ጠንካራ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ልዩነቱ የጎላ ነው። አራት ሆነው የሚሄዱ ጓደኛሞች አንዱን ቴሌስኮፕ በጋራ ቢጠቀሙ ይበቃቸዋል።

መርሊን የተባለው ነጻ የስልክ መተግበሪያ የወፍ ድምፅ ሰምቶ ዝርያውን ይጠቁማል። የአካባቢውን የወፎች ጥቅል ከቤትዎ ሳይወጡ ያውርዱ። መተግበሪያው የሚለው ግን ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ወፏን በዓይን ሳያረጋግጡ በማስታወሻዎ ላይ አይመዝግቡ። ልብስን በተመለከተ፣ ሚያዝያ ላይ የቀኑ አየር ለስላሳ ቢሆንም ንጋቱ ይበርዳል፣ በምዕራቡ ኮረብታ ላይ የሚነፍሰውም ነፋስ ኃይለኛ ነው፤ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይርሱ።

ከመሄድዎ በፊት በአገር ቤት ይለማመዱ

ይህን ደረጃ ብዙ መመሪያዎች አያነሡትም፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ከሁሉ የላቀ ዕድል ነው። በሌስቦስ የሚያስቸግሩት የውኃ ዳር ወፎች አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ መጋቢት በእኛ ሐይቆች ላይ ናቸው። ዉድ ሳንድፓይፐር፣ ሊትል ስቲንት፣ ረፍና የሎው ዋግቴል በጨለቅለቃም በዝዋይም በብዛት ይገኛሉ፤ አይዛቤሊን ዊትይር በደረቅ ሜዳዎቻችን ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል። ማስክድ ሽራይክ በጋውን የሚያሳልፈው በኢትዮጵያና በሱዳን አካባቢ ነው፤ ክሬችማርስ ባንቲንግም ወደ ሱዳን፣ ወደ ኤርትራና ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ይወርዳል። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ በወር ሁለት ቅዳሜ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ገፈርሳ ወጥተው የእነዚህን ወፎች አቋም፣ አረማመድና የምንቃር ርዝመት ከቀለማቸው ይልቅ ቢያጠኑ፣ በሚያዝያ ቀለማቸው ተለውጦ ሲያገኟቸውም አይደናገሩም። የረፍ ወንዱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እኛ ዘንድ ቡናማና ቁጥብ የሆነው ወፍ በካሎኒ ኩሬዎች ላይ በጥቁር፣ በነጭ ወይም በቀይ ቡናማ የአንገት ጎፈር ተሞሽሮ ይቆማል።

የሩፔል ዋርብለር የሚጠራበት ጀርመናዊ አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን አቋርጦ እስከ ጎንደር የደረሰ ሰው ነበር፤ በተራሮቻችን ላይ የምናውቀው የሩፔል ጥንብ አንሳም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው።

ቀኖቹን በደሴቲቱ ላይ ማደላደል

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከስካላ ካሎኒስ ሳይርቁ ያሳልፉ። በጨው ኩሬዎቹ ላይ ፍላሚንጎዎች፣ አቮሴቶች፣ ረጃጅም ቀይ እግር ያላቸው ስቲልቶች፣ ኮላርድ ፕራቲንኮሎችና በየቀኑ የሚቀያየሩ የውኃ ዳር ወፎች አሉ። ፀሐይ ከፍ ስትል ከጨዉ ላይ የሚነሣው የሙቀት ሞገድ በቴሌስኮፕ ውስጥ ሁሉንም ነገር ስለሚያርገበግበው፣ እዚህ የሚመጣው ማለዳ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው፤ በየጊዜው ደግሞ ፀሐይን ከጀርባ የሚያደርግ አቋቋም ይምረጡ። ከኩሬዎቹ በስተምዕራብ የሚወርደው የጺክኒያስ ወንዝ ዳር ዳሩን በመኪና ቀስ ብሎ የሚሄዱበት መንገድ አለው። መኪናው እንደ መሸሸጊያ ያገለግላል፤ ሞተሩን አጥፍቶ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ሊትል ቢተርን፣ ጥቁር ሽመላና ንብ አዳኞቹን ቢ ኢተሮች በቅርብ ያያል። ወንዙን በመኪና ከመሻገርዎ በፊት ግን ጥልቀቱን ወርደው ይመልከቱ። ከካሎኒ ከተማ ወደ ውስጥ ያለው ትንሹ የሜቶሂ ሐይቅ በንጋት ይጎበኝ፤ ሊትል ክሬክ ከሸምበቆው ሥር ወጥቶ የሚመገበው ጸጥታ ባለበት ሰዓት ነው። ማታ ደግሞ በመንደሩ ዛፎች መካከል ስኮፕስ አውል የምትባለው ትንሽ ጉጉት አንድ ዓይነት አጭር ጥሪ እየደጋገመች ትሰማለች።

በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ340ዎቹ፣ አርስጣጣሊስ ዓሣዎችንና ሌሎች የውኃ እንስሳትን ቀርቦ ያጠናው፤ ባልንጀራው የዕፀዋቱ ሊቅ ቴዎፍራስጦስም የዚችው ደሴት የኤሬሶስ ልጅ ነበር። ባሕር ዳር ቆሞ አስተውሎ መመዝገብ በሌስቦስ የቆየ ሥራ ነው።

ክሩፐርስ ነትሃችን ለማየት ከባሕረ ሰላጤው በስተምሥራቅ ወዳለው የአኽላደሪ የጥድ ደን ይሂዱ። በአውሮፓ ይህችን ወፍ ለማየት ከሌስቦስ የተሻለ ስፍራ የለም። ጀርባዋ ሰማያዊ ግራጫ፣ ደረቷ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ንጣፍ ያላት ስትሆን፣ ጎጆዋን የምትቆፍረው በበሰበሰ የጥድ ጉቶ ወይም በደረቀ ግንድ ውስጥ ነው። በደኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ከመሮጥ ይልቅ ጥቂት ጉቶዎች የሚታዩበት ቦታ መርጠው ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ጥሪዋን ይሰማሉ፣ ምግብ በአፏ ይዛ ስትመላለስም ጎጆዋን ራሷ ታሳይዎታለች። ጎጆውን ካገኙ በኋላ ራቅ ብለው ይቁሙ። ፎቶ ለማንሣት በጉቶው ሥር የሚቆም ሰው ወላጆቹን ከጫጩቶቹ ይከለክላል፤ ይህ ደግሞ በየጸደዩ በብዙ ጎብኚ ሲደጋገም ውጤቱ የከፋ ነው።

ምዕራቡ የደሴቲቱ ክፍል ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ የምወደው ይህንኑ ክፍል ነው። ዛፍ አልባ በሆነው ድንጋያማ ምድር መካከል በጠፋ እሳተ ገሞራ አናት ላይ የቆመው የኢፕሲሉ ገዳም በነባቤ መለኮት ዮሐንስ ስም የተሠየመ ነው። በገዳሙ ሥር ያሉት ዛፎች በሰፊው ምድረ በዳ መካከል እንዳለ ምንጭ ስለሆኑ፣ ሌሊት ሲጓዙ ያደሩ ዋርብለሮችና ፍላይካቸሮች ንጋት ላይ እዚያ ያርፋሉ። በተዳፋቱ ላይ ሲኒሪየስ ባንቲንግ የተባለው፣ በአውሮፓ በጥቂት የኤጂያን ደሴቶች ላይ ብቻ የሚፈለፍል ግራጫና ቢጫ ወፍ ይዘምራል፤ እርሱም በጋውን የሚያሳልፈው በኤርትራ፣ በሱዳንና በየመን ነው። ወደ ገዳሙ ቅጥር የሚገባ ሰው ትከሻውንና ጉልበቱን የሚሸፍን ልብስ ይልበስ፣ ድምፁንም ዝቅ ያድርግ። ከዚያ ወደ ሲግሪ ሲወርዱ በሽቦ አጥርና በድንጋይ ካብ ላይ አይዛቤሊን ዊትይርን፣ በሰማይ ላይ ደግሞ ሌሰር ኬስትረልን ይፈልጉ። ከሲግሪ በስተሰሜን ያለው የፋኔሮሜኒ ሸለቆ፣ በበለስ ዛፎቹና በወንዝ መሻገሪያዎቹ፣ ለደከሙ መንገደኛ ወፎች ከደሴቲቱ ዋነኛ ማረፊያዎች አንዱ ነው። እኩለ ቀን ላይ ወፎቹ ጸጥ ሲሉ በሲግሪ የሚገኘውን ወደ ድንጋይነት የተለወጠውን ደን የሚያሳየውን ሙዚየም መጎብኘት ይቻላል፤ በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብረው ወደ ድንጋይ የተለወጡት ግንዶች 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው፤ ከሜዳ ላይ ቁራጭ ማንሣት ክልክል ነው።

ወደ ምዕራብ የሚሄዱበትን ቀን አስቀድመው በወረቀት ላይ አያስሩት፤ በአየሩ ይወስኑት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ከደቡብ ሲነፍስ ወፎቹ ደሴቲቱን በላይዋ አልፈው ይሄዳሉ፤ ሌሊቱን ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ሲነፍስና ዝናብ ሲጥል ግን መቀጠል ስለማይችሉ ያርፋሉ። ማታ ትንበያውን አይተው ይህ ከሆነ፣ በማግስቱ ንጋት በፋኔሮሜኒ መገኘት አለብዎ። ሌላው ጎብኚ ዝናቡን ፈርቶ የሚተኛበት ማለዳ ለእርስዎ የጉዞው ትልቁ ቀን ሊሆን ይችላል።

ለሰሜኑ ክፍል አንድ ቀን ይበቃል። በፔትራና በሞሊቮስ መካከል ባለው ካቫኪ በሚባለው የባሕር ዳር ገደል ላይ የሩፔል ዋርብለር በቁጥቋጦዎቹ መካከል ይገኛል፤ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪናውን በሚገባ ከመንገድ አውጥተው ያቁሙ። ከሰዓት በኋላ በናፒ ሸለቆ የወይራ ማሳዎች ውስጥ ማስክድ ሽራይክንና፣ ሚያዝያ ካለቀ፣ ኦሊቭ ትሪ ዋርብለርን ይፈልጉ። ደቡቡን የሚጨምር ሰው የአጊያሶስን የቼስትነት ዛፎች ደንና የፖሊክኒቶስን ትንሽ የጨው ኩሬ ሊጎበኝ ይችላል፤ ጊዜ ካጠረ ግን የምቀንሰው ይህንን ነው።

የዕለቱ አካሄድ

የግሪክ የበጋ ሰዓትና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ስለሆነ የሰውነት ልማድ አይዛባም። በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የምትጠልቀው ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ቁርስን ትተው በ12 ሰዓት መውጣት፣ እስከ 4 ሰዓት ድረስ በአንድ ቦታ መመልከት፣ ከዚያ ተመልሶ መብላትና ማረፍ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እንደገና መውጣት ለዐሥር ቀን የሚዘልቅ አካሄድ ነው። ሙሉ ቀን በሜዳ የሚውል ሰው በአራተኛው ቀን ይደክማል፣ ድካሙም የመለየት ችሎታውን ይቀንሰዋል። ሆቴሎቹ ቁርስ ቀድሞ ማቅረብ ካልቻሉ ከማታው ዳቦ፣ ፍራፍሬና ውኃ ይያዙ። ምሽት ላይ በስካላ ካሎኒስ ተመልካቾች ያዩትን ይለዋወጣሉ፤ ቋንቋ ባይገጥምም ካርታ ዘርግቶ በጣት መጠቆም ያግባባል።

ጥንቃቄዎች

ሌስቦስ የድንበር ደሴት ስለሆነች በየቦታው የጦር ሰፈሮች አሉ። ካሜራ ተሰርዞ የሚያሳይ ምልክት ባለበት ካሜራም ባይኖኩላርም ወደ ሰፈሩ አቅጣጫ አያንሡ፣ መኪናም አያቁሙ፤ አጥሩ ላይ ያረፈችው ወፍ የቱንም ያህል ብታጓጓም ይለፉት። እ.ኤ.አ. በ2001 በደቡብ ግሪክ በምትገኘው በካላማታ የጦር አውሮፕላን ለማየት የሄዱ የብሪታንያና የኔዘርላንድ ጎብኚዎች በስለላ ተጠርጥረው ታስረው እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ፓስፖርትዎን ወይም ቅጂውን ሁልጊዜ ይያዙ። የድንገተኛ አደጋ ስልክ 112 ነው።

የገበሬውን በር እንዳገኙት ይተዉት፤ ተዘግቶ ከነበረ ይዝጉ፣ ተከፍቶ ከነበረ ይክፈቱ፤ በጎቹ የሚሰማሩት በዚያ ልክ ነው። የተቀዳ የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍቶ ወፍ መጥራት በጎጆ ወቅት አይደረግም። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ዜማውንና ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል፤ ባሕር አቋርጦ ሲደርስ ደግሞ የሚያባክነው ጉልበት የለውም።

መዝገቡና ከተመለሱ በኋላ

በየቦታው ዝርያውን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱንና ወፏ ምን ስትሠራ እንደነበር ይጻፉ። ያልተለየች ወፍም መመዝገብ አለባት፤ «ያልታወቀ ዋርብለር፣ እግሩ ጠቆር ያለ፣ ቅንድቡ ነጭ» የሚል መስመር ማታ ላይ ወደ ስም ሊለወጥ ይችላል። ዝርዝሩን ኢበርድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የወፍ መዝገብ ማስገባት ነጻ ነው፤ እዚያ የገባ መረጃ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ይሆናል። ማስታወሻ ደብተሩን ግን አያስቀምጡት። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቆሞ የጨለቅለቃ ውኃ ዳሩን ሲለቅ፣ በሚያዝያ በካሎኒ የመዘገቡትን ዝርዝር ይዘው ይውረዱ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን፣ ያ ዝርያ በቢሾፍቱ መጀመሪያ የታየበትን ቀን ይጻፉ።